የንግድ ቤትን በር ያለ አደጋ ክፍት አድርጎ ስለ መያዝ

በአዲስ አበባ መንገዶች ስንመላለስ የብዙ ሱቆችና ምግብ ቤቶች በር በድንጋይ፣ በብሎኬት ስባሪ ወይም ውኃ በተሞላ ጀሪካን ተደግፎ እናያለን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ክፍት በር ገዢን ይጋብዛል፤ አየር ያስገባል፤ ዕቃ የተሸከመውንም ሠራተኛ ያሳልፋል። ይሁን እንጂ ነፋስ በድንገት የገፋው መዝጊያ የሕፃን ጣት በማጠፊያው በኩል ሊጨፈልቅ ይችላል። ስለዚህ ነገሩ ቀላል ቢመስልም በጥቂት ስሌት ልንመረምረው ወደድን።

ከሁሉ አስቀድሞ በሮችን በሁለት ወገን መክፈል ይገባል። አንደኛው ወገን እሳትንና ጢስን ለመከልከል የተሠራው ነው። ይህ ብዙ ጊዜ በደረጃ መግቢያና በረጃጅም መተላለፊያዎች ላይ ይገኛል፤ ሰው ሲለቀውም በራሱ ይዘጋል። ይህን በር በድንጋይም ሆነ በሽብልቅ መያዝ ፈጽሞ አይገባም። ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ፣ በብሮንክስ፣ ባለ 19 ፎቅ በሆነ መኖሪያ ሕንፃ እሳት ተነሥቶ 17 ሰዎች ሞቱ። እሳቱ ራሱ ከተነሣበት ቤት ብዙ አልራቀም ነበር፤ ነገር ግን በራሳቸው መዘጋት የሚገባቸው በሮች ክፍት ስለ ቀሩ ጢሱ በደረጃው ወጥቶ ሰዎቹን አፈናቸው።

ሁለተኛው ወገን ተራ በር ነው፤ ይኸውም እንደ ሱቅ የመንገድ በር ያለው ነው። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ስለዚህ ወገን ብቻ ነው። የበሩ ወገን የሚያጠራጥር ከሆነ የሕንፃውን ኃላፊ መጠየቅ፣ እስኪታወቅም ድረስ እንደ እሳት መከላከያ በር መቍጠር ይበጃል።

አሁን ቁመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 90 ሳንቲሜትር የሆነ መዝጊያ እንውሰድ። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ በአዲስ አበባ ከፍታ፣ አየሩ ሳሳ ያለ ቢሆንም፣ ይህን መዝጊያ ፊት ለፊት ሲመታው ወደ 80 ኒውተን በሚደርስ ኃይል ይገፋዋል። ኃይሉ በመዝጊያው መካከል፣ ማለት ከማጠፊያው 45 ሳንቲሜትር ርቆ እንደሚያርፍ እናስብ። በሩን በዳር ጫፉ የያዝነው እንደ ሆነ 40 ኒውተን ይበቃናል፤ ከማጠፊያው በ15 ሳንቲሜትር ላይ ከያዝነው ግን 240 ኒውተን ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ በማጠፊያው አጠገብ የገባ ድንጋይ ማጠፊያውን ከመቃኑ ይነቅለዋል።

ድንጋዩን በጫፍ ብናኖረውስ? የወለሉ የሰበቃ ልክ 0.4 ቢሆን፣ 40 ኒውተንን ለመቋቋም የድንጋዩ ክብደት 10 ኪሎ ያህል መሆን አለበት። የነፋሱ ፍጥነት በእጥፍ ቢጨምር ደግሞ ኃይሉ አራት እጥፍ ስለሚሆን 40 ኪሎ ያሻል። ይህን የሚያህል ድንጋይ በመውጫ ላይ ማኖር ሌላ አደጋ ነው፤ በጥድፊያ የሚወጣውን ሰው ያደናቅፋል።

ስለዚህ የሚሻለው በክብደት መመካት ሳይሆን መያዣውን ከሕንፃው ጋር ማሰር ነው። በግድግዳው ወይም በወለሉ ላይ ጠንካራ መንጠቆ ይተከላል፤ ቀለበቱም በመዝጊያው ዳር ጫፍ ይመታል። መንጠቆው ያለ መሣሪያ፣ በአንድ እጅ የሚላቀቅ ይሁን። መዝጊያውም እስከ ግድግዳው ድረስ ይታጠፍ፤ በመተላለፊያው መካከል ተገትሮ የቀረ በር ማየት የተሳነውን መንገደኛ ይጎዳዋልና። ዕቃ ለማስገባት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ከሆነ ከጎማ የተሠራ ሽብልቅ በጫፉ ሥር ማስገባት ይበቃል፤ ሥራው ሲያልቅ ግን ይነሣ። ሕፃናት በሚበዙበት ቤት የማጠፊያውን ክፍተት መሸፈን ያስፈልጋል።

ስሌታችን በግምት የተሠራ ስለ ሆነ በእውነተኛ በር ላይ በሚዛን ቢፈተን ደስ ይለናል። ለዚህም የምንማርበት ሕንፃ በሮች ቅርብ ናቸው፤ ነገር ግን ከመፈተናችን በፊት የትኛው በር ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ እንለይ።