የልጆች ኮከብ ፕሮጀክተር፦ ሸማቹ የሚከፍለው ለሰማይ ነው ወይስ ለመብራት?

በካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ልጅ አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቶ ሽቅብ ይመለከታል፤ ኮርኒሱ በከዋክብትና በሰማያዊ ደመና ተሸፍኗል። ከካርቶኑ ውስጥ የሚወጣው ዕቃ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። «ኮከብ ፕሮጀክተር» ወይም «ጋላክሲ መብራት» እየተባሉ የሚሸጡት ዕቃዎች አሠራራቸውም ዋጋቸውም የተራራቀ ነው። ሸማቹ ይህን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ዕቃውን ቤቱ አስገብቶ፣ የክፍሉን መብራት ካጠፋ በኋላ ነው።

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ባወጡት ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁለቱም የሚያቀርበው መካከለኛ ዋጋ ነው። በመካከለኛ ዋጋ ጥሩ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ አይኖርም፤ በመሆኑም ጥሩው ዕቃ ቀስ በቀስ ከገበያ ይወጣል። የኮከብ ፕሮጀክተር ገበያ ዛሬ ያለው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ፣ አስመጪው በተሳሳተ ዕቃ ላይ የሚያጠፋው እያንዳንዱ ዶላር በብር ሲሰላ ከበፊቱ እጅግ የከበደ ሆኗል።

ኮከቡን የሚሠራው ምንድን ነው?

ዕቃውን ለመለየት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፤ መልሱም ከሦስት አንዱ ነው።

ርካሹና የቆየው ዘዴ ቀዳዳ ነው። ጥቁር የፕላስቲክ ጉልላት ይበሳና መሐሉ ላይ አምፖል ይቀመጣል። እያንዳንዱ ቀዳዳ የአምፖሉን ምስል ኮርኒሱ ላይ ስለሚጥል የኮከቡ መጠን በቀዳዳው ብቻ ሳይሆን በአምፖሉ ስፋትም ይወሰናል። ስለዚህ የሚታየው ነጥብ ሳይሆን ደብዘዝ ያለ ክብ ነው። በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ ዓይን አይጎዳም፣ ለትንሽ ልጅ የማታ መብራት ይሆናል። ከዚያ በላይ አይጠበቅበት።

ሁለተኛው፣ በአሁኑ ወቅት ገበያውን ያጥለቀለቀው፣ የሌዘር ነው። አንድ ጨረር፣ አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ፣ እጅግ ጥቃቅን ቅርጾች በታተሙበት ፕላስቲክ ወይም መስተዋት ውስጥ ሲያልፍ ወደ ብዙ ነጠብጣብ ይበተናል። ደመናውን የሚሠራው ሌላ ባለ ቀለም ኤል ኢ ዲ ነው። የአሜሪካው ብሊስ ላይትስ ኩባንያ «ስካይ ላይት» የሚባለው ዕቃ የዚህ ዓይነት ሲሆን፣ እርሱን የሚመስሉ ስም የለሽ ዕቃዎች በኢንተርኔት ገበያ በጥቅሉ ከ20 እስከ 40 ዶላር ይሸጣሉ። ውበታቸው የሚካድ አይደለም፤ ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይሞሉታል። ነገር ግን ነጠብጣቦቹ የየትኛውም ሰማይ ካርታ አይደሉም። ልጁ ከአባቱ ጋር ተኝቶ ኦሪዮንን ቢፈልግ አያገኘውም።

ሦስተኛው በሌንስና በዲስክ የሚሠራው ነው። የዚህ ዘር ሐረግ የሚጀምረው የጀርመኑ ዛይስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1923 ሙኒክ በሚገኘው የዶይቸስ ሙዚየም ካሳየው የመጀመሪያው የፕላኔታርየም ፕሮጀክተር ነው። ወደ ቤት ያወረዱት ግን ጃፓናዊው መሐንዲስ ታካዩኪ ኦሂራ ናቸው። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1998 ከ1 ሚሊዮን በላይ ከዋክብት የሚያሳየውን «ሜጋስታር» ካስተዋወቁ በኋላ፣ ከአሻንጉሊት አምራቹ ሴጋ ቶይስ ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ2005 «ሆምስታር»ን ለገበያ አቀረቡ። አሠራሩ የድሮውን የስላይድ ማሳያ ይመስላል፦ ከዋክብቱ በየትክክለኛ ቦታቸው የታተሙበት ዲስክ፣ ከኋላው ነጭ ኤል ኢ ዲ፣ ከፊቱ በእጅ የሚስተካከል ሌንስ። ዋጋው ከሌዘሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ይህም ዕቃ ቢሆን ጉድለት አለው። የሆምስታር ምስል ከ2 ሜትር በጥቂቱ ከፍ ካለ ርቀት ላይ 2.7 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ነው እንጂ ክፍሉን አይሞላም። ክፍሉ በሚገባ ካልጨለመም አይታይም። የመንገድ መብራት በመስኮት የሚገባበት ቤት ወፍራም መጋረጃ ይፈልጋል። «ያን ሁሉ ከፍዬ ይህቺን ብቻ?» የሚል ገዢ የሚመጣው ይህ አስቀድሞ ሳይነገረው ሲቀር ነው።

ሻጩም ገዢውም ብዙ የሚጨቃጨቁበት የከዋክብት ቁጥር ከሁሉ ያነሰ ፋይዳ ያለው መረጃ ነው። ሰው በዓይኑ ብቻ ሊያያቸው የሚችሉት በጠቅላላው ሰማይ 9,000 ገደማ ሲሆኑ በአንድ ጊዜ ከአድማስ በላይ የሚሆኑት ግማሾቹ ናቸው። 60,000 ከዋክብት ያሉት የሆምስታር ዲስክ ትርፉ ፍኖተ ሐሊብን እንደ ጭጋግ አድርጎ ማሳየቱ ነው። በሌዘር ዕቃ ላይ የሚጻፍ ቁጥር ግን የነጠብጣብ ቁጥር ነው።

ለአዲስ አበባ ገዢ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ለጃፓን፣ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ገበያ የሚሠራው ዲስክ የሰሜኑን ሰማይ ይዞ የሰሜን ኮከብን መሐል ላይ ያስቀምጣል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ እውነተኛው የሰሜን ኮከብ የሚታየው ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ነው፤ ለብዙው ነዋሪ ከእንጦጦ ራስ ብዙም አይርቅም። ከዚህ የሚታየው የደቡብ መስቀል ደግሞ በዚያ ዲስክ ላይ የለም። ልጁን በረንዳ አውጥቶ ኮርኒሱ ላይ ያየውን ሰማይ ላይ ለማሳየት ያሰበ ወላጅ፣ የደቡብ ሰማይ ዲስክ ለብቻው የሚገኝለትን ሞዴል ቢመርጥ ይሻለዋል።

ዓይን

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ገንዘብ ነው። ሌዘርን በሚመለከት ግን ጉዳዩ ከገንዘብ በላይ ነው።

የሌዘር ዕቃዎች እንደ አደገኛነታቸው በክፍል ይመደባሉ። ክፍል 1 በተለመደ አጠቃቀም ጉዳት አያደርስም የሚባለው ነው። ክፍል 2 እስከ 1 ሚሊዋት የሚደርስ የሚታይ ብርሃን ሲሆን፣ ደኅንነቱ የተመሠረተው ሰው ኃይለኛ ብርሃን ሲያርፍበት በሩብ ሰከንድ ውስጥ ዓይኑን ይጨፍናል በሚል ግምት ላይ ነው። ክፍል 3አር እስከ 5 ሚሊዋት ይደርሳል። ትልቅ ሰው ዓይኑን ይጨፍን ይሆናል። «መብራቱ ከየት ነው የሚወጣው?» ብሎ ዓይኑን ቀዳዳው ላይ የሚያስጠጋ የአራት ዓመት ልጅ ግን ሆን ብሎ ያፈጣል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ የልጆች የሌዘር መጫወቻ ከክፍል 1 እንዳይበልጥ የመከረው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የአውሮፓ ደረጃም ልጆችን የሚስቡ የሌዘር ዕቃዎች ክፍል 1 እንዲሆኑ የጠየቀው ስለዚህ ነው።

በርካሽ ዕቃ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍም ሁልጊዜ አይታመንም። ብዙ ርካሽ አረንጓዴ ሌዘሮች ብርሃናቸውን የሚያገኙት በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ጨረርን በክሪስታል በመለወጥ ነው። የማይታየውን ጨረር የሚያስቀረው ማጣሪያ ወጪ ለመቆጠብ ከተተወ ጨረሩ አብሮ ይወጣል። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ እንዳደረጉት፣ 10 ሚሊዋት ተብሎ በ15 ዶላር የተሸጠ አረንጓዴ የሌዘር ጠቋሚ 20 ሚሊዋት የሚጠጋ ኢንፍራሬድ ሲያወጣ ተገኝቷል። የማይታይ ጨረር ዓይንን አያስጨፍንም።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ የሌዘር ክፍሉ ያልተጻፈበት ወይም ክፍል 1 ያልሆነ ዕቃ ለሳሎን ማስጌጫ ይሽጥ እንጂ በልጆች ዕቃ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ የለበትም። አስቀድሞ የገዛ ሰው ልጁ ሊደርስበት ከማይችል ከፍታ ላይ አስቀምጦ ወደ ኮርኒሱ ብቻ ያዙረው።

ሱቅ ውስጥ ምን ይደረግ?

ጥቅል ካርቶን ላይ ተማምኖ መግዛት አይገባም። ዕቃው ጨለማ ባለበት፣ መጋዘን ውስጥም ቢሆን፣ ተከፍቶ ይታይ። ነጠብጣቦቹ መጠናቸው እኩል ከሆነና አንድ ቅርጽ በየቦታው ከተደጋገመ ሌዘር ነው። ትልቅና ትንሽ ኮከብ ካለ፣ በመስመር የቆሙት ሦስቱ የኦሪዮን መቀነት ከዋክብት ወይም የሰባቱ ከዋክብት ክምችት ከተገኘ፣ ዲስክ ነው። የሚያዞረው ሞተር ካለም ጆሮ ቀርቦ ይደመጥ፤ ሱቅ ውስጥ የማይሰማው እርርታ ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ይሰማል።

ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ ዕቃ ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት አዳፕተሩ ላይ «100–240» የሚል ጽሑፍ መኖሩ ይታይ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ይቃጠላል። በዩኤስቢ የሚሠራው ከዚህ ሥጋት ነፃ ነው፤ መብራት ሲጠፋም ከፓወር ባንክ ይሠራል።

ዕቃው ለመኝታ ከተፈለገ በራሱ የሚጠፋበት ሰዓት ያለው፣ ብርሃኑም የሚቀነስ ይሁን። ደማቅ ሰማያዊ ብርሃን እንቅልፍን ስለሚያዘገይ ደመናውን ለብቻ ማጥፋት ወይም ወደ ቀይ መለወጥ መቻል አለበት። ድምፅ ማጉያ የተገጠመለት ከሆነ ከሕፃን አልጋ 2 ሜትር ያህል ይራቅ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ለሕፃናት እንቅልፍ የሚሸጡ የድምፅ ማሽኖች ሲለኩ አንዳንዶቹ ከቅርብ ርቀት ከ85 ዴሲቤል በላይ ሆነው ተገኝተዋል።

ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ውዱን የዲስክ ፕሮጀክተር መግዛት ገንዘብ ማባከን ይመስላል፤ ባለ ቀዳዳው ይበቃዋል። ኮከቦችን በስማቸው መጠየቅ ለጀመረ ተማሪ ደግሞ ሌዘሩ ምንም መልስ የለውም። ሁለቱን በአንድ መደርደሪያ፣ በአንድ ስም የሚሸጥ ነጋዴ ርካሹን ሲመልሱለት፣ ውዱ ደግሞ አቧራ ሲጠጣ ይኖራል። ዲስክ ያለውን ለማስመጣት ያሰበ ነጋዴም ከማዘዙ በፊት አቅራቢውን ተጨማሪ ዲስክ ለብቻው ይሸጥ እንደሆነና ኤል ኢ ዲው ሲበላሽ መቀየር ይቻል እንደሆነ ይጠይቅ።