ወጣት ፈረስ ለምን ይደነብራል?

ገና ያልተገራ ወጣት ፈረስ በመንገድ ዳር የተንጠለጠለ ጨርቅ ሲያይ ጆሮውን ቀስሮ ይቆማል፤ ከዚያም ፈትለክ ይላል። ይህ ጥጋብ አይደለም። ፈረስ ከአውሬ በሩጫ ሲያመልጥ የኖረ እንስሳ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ይሸሻል፣ ኋላ ያጣራል።

የሚገርመው፣ የለመደው ዕቃም ያስበረግገዋል። በአሜሪካ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት፣ የ2 እና የ3 ዓመት ፈረሶች የለመዱት የልጆች መጫወቻ ዞሮ ሲቆም እንደ አዲስ ነገር እንደበረገጉበት አሳይቷል።

በዚህ ላይ አለንጋ ብንጨምር «ለደንባራ በቅሎ ቃጭል» ነው። የሚበጀው ከረጋ ፈረስ ጎን ሆኖ ከሩቅ እንዲያየው፣ ቀስ በቀስም በየጎኑ እንዲለምደው ማድረግ ነው።

እኛም ነገ በክፍላችን፣ ትናንት የገባው ሂሳብ ዛሬ በሌላ መልክ ሲመጣበት የሚደነግጥ ተማሪ ይገጥመናል። «ሰነፍ!» ከማለታችን በፊት፣ ሂሳቡን በየጎኑ አሳይተነዋል ወይ?