ስሜን ተራሮች ላይ ኬብል ካር ይሠራ?

ከጎንደር በደባርቅ አልፎ ወደ ስሜን ተራሮች የወጣ እንግዳ እስከ ጨነቅ በመኪና መድረስ ይችላል። እንደ እሜት ጎጎ ያሉ የገደል አፋፎች ግን በእግር ወይም በበቅሎ እንጂ አይደረስባቸውም። ሽማግሌውና አካል ጉዳተኛው ይህን ውበት ሳያዩት ይቀራሉ። ኬብል ካር ቢሠራላቸውስ? ጥያቄው ተገቢ ነው።

አሠራሩ ብዙም አያስቸግርም። ታችና ላይ ጣቢያ ይቆማል፣ በመካከላቸው በምሰሶ የተደገፈ የብረት ገመድ ይዘረጋል፣ ሞተር ገመዱን ሲስብ ሰው የጫነው ሳጥን ይወጣል፣ ይወርዳል። የኬፕታውኑ ቴብል ማውንቴን እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ እንዲህ ያለ አገልግሎት አለው፤ ነፋስ ሲበረታ ይቆማል። ከመኪና መንገድ ጋር ሲነጻጸር የሚቆርሰው መሬት ትንሽ መሆኑም መታወቅ አለበት።

የስሜን ችግር ሌላ ነው። ገመዱ ሊዘረጋበት የሚችለው ገደል የዋልያ ቤት ነው። ዋልያ በዓለም ላይ በዱር የሚኖረው እዚሁ ብቻ ሲሆን፣ ከሰውና ከከብት የሚሸሸውም ወደ ገደሉ እርከኖች ነው። ቁፋሮው፣ የሞተሩ ድምፅና ከራሱ በላይ የሚመላለሰው ሰው መሸሸጊያውን ያሳጡታል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ። ከምክንያቶቹ መካከል የዋልያ ቁጥር መመናመን፣ የእርሻ መስፋፋትና የመንገድ ሥራ ይገኙበታል። ከዚያ መዝገብ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ነው። ለዚህም ፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀዬአቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፍረዋል። ገበሬውን ለዋልያ ሲባል አስነስቶ በዚያው ፓርክ የብረት ምሰሶ መትከል፣ በእኔ እምነት፣ ፍትሕ አይደለም።

የእንጀራ ጉዳይም አለ። ዛሬ የእንግዳው ገንዘብ ለአስጎብኚው፣ ለስካውቱ፣ ለወጥ ሠሪውና ለባለ በቅሎው ይከፋፈላል። የታንዛኒያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2019 ኪሊማንጃሮ ላይ ኬብል ካር ለመሥራት ማሰቡን ሲገልጽ፣ አስጎብኚዎችና ተሸካሚዎች የተቃወሙት እንጀራችን ይቀራል ብለው ነው። እንግዳው በአንድ ቀን ወጥቶ ከወረደ ማን በቅሎ ይከራያል?

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ለግንባታው የሚወሰደው ብድር ነው። ጦርነት ቱሪስቱን ሲያርቅ ምን እንደሚሆን ሰሜን ጎንደር አይቶታል። በቅሎ እንግዳ ሲጠፋ እህል ትጭናለች፤ ኬብል ካር ግን ሰው ቢያመላልስም ባያመላልስም ጥገናና ጥበቃ ይፈልጋል፣ ዕዳውም ይከፈላል።

ገመድ የነዋሪ መጓጓዣ የሆነበት አገር አለ፤ በቦሊቪያዋ ላፓዝ ሰው እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሥራ የሚሄድበት፣ ገበያ የሚወጣበት ነው። የጃናሞራ ወረዳ እናት ለወሊድ ጤና ጣቢያ የምትደርስበት እንዲህ ያለ ገመድ፣ ያውም ከፓርኩ ውጭ፣ ይሠራ ቢባል እደግፋለሁ። ለመመልከቻ ብቻ ገደሉን የሚያቋርጠውን ግን አልደግፍም። በእግር መውጣት ለማይችለው እንግዳ፣ መኪና በሚደርስበት በሳንካበርና በጨነቅ አካባቢ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች የእግር መንገድና መመልከቻ መሥራት ይቻላል።