ቀይ መስመሩን ማን አሰመረው?

«የትኛው አራሚ ሶፍትዌር ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው መልሼ እጠይቀዋለሁ፦ በየትኛው ቋንቋ ነው የምትጽፈው? በእንግሊዝኛ ከሆነ አማራጩ ሞልቷል። ዩክሬናውያን እ.ኤ.አ. በ2009 የመሠረቱት ግራመርሊ አለ። ዳንኤል ናበር የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ2003 ለመመረቂያ ሥራው የጀመረው ላንጉጅቱል አለ። ወርድ ውስጥ አብሮ የሚመጣውም አለ። ባለቤትና ግሥ ሳይስማሙ ሲቀሩ ሦስቱም ይነግሩሃል። እኔ ላንጉጅቱልን እመርጣለሁ፤ ሕጎቹ ከነምሳሌያቸው በግልጽ የተጻፉ ስለሆኑ ለምን እንዳረመኝ ከፍቼ ማንበብ እችላለሁ። ደግሞም የገዛ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የደንበኛቸውን የክስ ማመልከቻ እንዳለ ገልብጠው የማያውቁት ድረ ገጽ ላይ የሚለጥፉ ጠበቆች ይህችን ነገር ቢያስቡባት ደስ ይለኛል። ስለ እንግሊዝኛው ይኸው ይበቃል።

ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት ሌላ ነው፤ ስሙ ሁንስፔል ይባላል። አታውቁት ይሆናል እንጂ ሳትጠቀሙበት አልቀራችሁም። ፋየርፎክስና ክሮም ላይ ስትጽፉ ከቃሉ ሥር ቀይ መስመር የሚያሰምረው፣ ሊብሬ ኦፊስ ውስጥም የተቀመጠው እሱ ነው። የሠራው ላስሎ ኔሜት የተባለ የሀንጋሪ ሰው ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ማይስፔል ለእንግሊዝኛ ዓይነት ቋንቋ ያገለግል ነበር፤ ሀንጋሪኛ ግን በአንድ ስም ላይ ቅጥያ በቅጥያ ላይ የሚደርብ ቋንቋ ስለሆነ አልቻለውም። ኔሜት ማይስፔልን አሻሽሎ ሁንስፔልን አወጣ። ነፃ ነው፤ ማንም ወስዶ ለቋንቋው ሊያሰናዳው ይችላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ፋይሎች አሉት፤ አንደኛው የቃላት ዝርዝር፣ ሁለተኛው የቅጥያ ሕግ። የጻፍከውን ቃል ከዝርዝሩ ያጣ እንደሆነ ቅጥያውን ገፍፎ እንደገና ይፈልጋል። ያኔም ካጣው ያሰምርበታል። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀይ መስመር ማለት «ተሳስተሃል» ማለት ይመስለዋል። አይደለም፤ «ዝርዝሬ ላይ የለም» ማለት ነው። በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው፤ ስምህ ከተሰጠው ወረቀት ላይ ከሌለ ሚኒስትር ብትሆንም አያስገባህም፣ ካለ ግን ሌባ ብትሆንም ያሳልፍሃል። በአንድ መሥሪያ ቤት ስለ ግብርና የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ ሪፖርት እንዳነብ ተሰጥቶኝ ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ጤፍ «ጄፍ» ሆኗል። ጄፍ በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል ሰጠ፣ ጄፍ በመስመር ሲዘራ ምርቱ ይጨምራል፣ ጄፍን አረም ያጠቃዋል! ጸሐፊው ጤፍ ጠፍቶት አይደለም። ቀይ መስመር አይቶ ደነገጠ፣ ፕሮግራሙ በአንድ ፊደል የሚለየውን ቃል አቀረበለት፣ እሱም «ሁሉንም ለውጥ» የሚለውን ተጫነ። ሪፖርቱ ላይ ከዚያ በኋላ አንድም ቀይ መስመር አልነበረም፤ ጄፍ ዝርዝሩ ላይ አለና!

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። በአንድ ወቅት የነበሩ አራሚዎች ትብብር የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል የሚያውቁት መሃሉ ላይ ጭረት ሲኖረው ብቻ ነበር። ያለ ጭረት ለጻፈ ሰው «ኩፐርቲኖ» የሚል ምትክ ያቀርቡለት ነበር፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። በዚህ የተነሳ በተባበሩት መንግሥታት፣ በአውሮፓ ኅብረትና በኔቶ ሰነዶች ውስጥ ሳይቀር ትብብር በሚገባበት ቦታ ኩፐርቲኖ ታትሞ ተገኝቷል። የአርታኢዎች መሳቂያ ሆኖ ስሙ ለእንዲህ ዓይነቱ ስሕተት ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ወደ አማርኛ እንምጣ። ለሁንስፔል የተዘጋጁ የአማርኛ ዝርዝሮች አሉ፤ ነገር ግን የጫነ ሰው ሁሉ «ገጹን ቀይ በቀይ አደረገው» እያለ ወዲያው ያጠፋዋል። እስቲ «ከየቤቶቻችንም» የሚለውን ቃል እንፍታው። ከፊቱ «ከ» እና «የ» አሉ፤ ከኋላው ብዛት፣ ባለቤትነትና «ም» ተደርበዋል። ሁንስፔል ከኋላ ሁለት ቅጥያ ከገፈፈ ከፊት የሚገፍፈው አንድ ብቻ ነው። ከፊት ሁለት እንዲገፍፍ ካዘዝከው ደግሞ ከኋላ አንድ ብቻ ይገፍፋል። አማርኛ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ዝርዝሩን የሚያሰናዳው ሰው የተደራረቡትን ቅጥያዎች አስቀድሞ አጣብቆ እንደ አንድ ቅጥያ መጻፍ አለበት፤ ሕጉም በዚያው ይበዛል።

ሌላው ጉድ ፊደላችን ውስጥ ነው። «ቤት» የሚለው ቃል «ቤቱ» ሲሆን እኛ «ኡ» የሚል ድምፅ ጨመርን እንላለን። ኮምፒውተሩ ግን ምንም የተጨመረ ነገር አያይም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ሳድሱ «ት» አንድ ቁጥር ነው፣ ካዕቡ «ቱ» ሌላ ቁጥር፣ ሳብዑ «ቶ» ሌላ። ለሁንስፔል ሦስቱ የማይተዋወቁ ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ ሕጉ «በት የሚያልቅ ቃል ሲመጣ ትን አንሣ፣ ቱን አስገባ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ለ«ት» ብቻ ነው። ለ«ስም»፣ ለ«በግ»፣ ለ«አገር» እንደገና ይጻፋል፤ በገበታው ላይ ላለው ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት አንድ መስመር፣ ያውም ለአንዲት ቅጥያ! እኔ እንዲህ ያለውን ፋይል ከፍቼ ሳይ የአዘጋጆቹ ትዕግሥት ይገርመኛል። ሰባት ቃል ተሰመረብኝ ብሎ የሚያጣጥል ሰው አንድ ቀን ገብቶ ቢያየው።

ሞክሼ ሆሄያትም አሉ። ፀሐይ የሚለውን ቃል ውሰዱ። ለመጀመሪያው ሆሄ «ፀ» እና «ጸ»፤ ለሁለተኛው ከነራብዑ «ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ»። ድምፁ ሳይለወጥ 12 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣዋል። አሰናጁ አንዱን መርጦ 11ዱን ቢተው አንባቢ ይጮኻል፤ 12ቱንም ቢቀበል ደግሞ አራሚው ዝም ይላል፣ በአንድ መጣጥፍ ውስጥ ሦስት ዓይነት ፀሐይ ይወጣል። የእኔ ፍርድ አንዱን ይምረጥ ነው። የትኛውም ቢሆን ግድ የለኝም፤ መጽሐፍ ሙሉ አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ። አርታኢ ባይኖረን እንኳ ይህን ሥራ ሁንስፔል ሳይሰለች ይሠራዋል።

የምትመርጡት አራሚ የራሳችሁን ቃላት የምታስገቡበት መዝገብ ያለው ይሁን። የሰው ስም፣ የቀበሌ ስም፣ የሙያ ቃል እዚያ ይገባል። ስትጨምሩ ግን ቀስ በሉ፤ መስመሩ ስላስጠላችሁ ብቻ የተሳሳተ ቃል ያስገባችሁ እንደሆነ ከዚያ ወዲያ ፕሮግራሙ ስለዚያ ቃል ትንፍሽ አይልም። ወርድ ላይ ይህ መዝገብ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ በኖትፓድ ይከፈታል፣ በአንድ መስመር አንድ ቃል። አልፎ አልፎ ክፈቱና የማይረባውን ሰርዙ።