ትዝታን አውቶቲዩን አታድርጉት!

ዛሬ አንድ የትዝታ ቮካል ለሚክስ መጣልኝ። ጥሬውን ስሰማው ልጅቷ አንጀት በሚበላ ድምፅ ነው የዘፈነችው። አቀናባሪው «አስተካክዬዋለሁ» ያለውን ስከፍት ግን ያ ሁሉ ስሜት የለም። በጣም ተናድጃለሁ፤ መጀመሪያ ግን ስሜት ከየት እንደሚመጣ ሁለት ነገር ልበል።

1. «ማይነር ያሳዝናል፣ ሜጀር ያስደስታል» እያላችሁ የምትለጥፉትን ተዉ። ሙሉው ትዝታ ኪቦርድ ላይ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ሜጀር ነው! ስንት ዘመን ናፍቆት የተንጎራጎረበት ቅኝት ነው። ፍጥነት ሲጨመርበትና ከበሮ ሲገባበት ደግሞ ያው አምስት ድምፅ እስክስታ ያስመታል።

2. በሙዚቃ ስሜት በአብዛኛው የሚተላለፈው በንግግር በሚተላለፍበት መንገድ ነው። ያዘነ ሰው ዝግ ይላል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የተቆጣ ይፈጥናል፣ ይጮኻል። ዩስሊንና ላውካ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ንግግርም ሙዚቃም ስሜትን የሚገልጹባቸው ምልክቶች በጣም ይመሳሰላሉ።

አሁን ወደ ንዴቴ። ልጅቷ «ላ» ላይ በቀጥታ አልወጣችም። ከሥር ጀምራ፣ እየጎተተች፣ ልትደርስ ስትል ሳግ ያዛት። ሆድ የሚያባባው እሱ ነው። አውቶቲዩን ሶፍትዌሩ ግን በተለመደው አሠራሩ ኦክታቩን (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን) በ12 እኩል ቦታ ከፍሎ ነው የሚያየው፤ በመሃል ያለውን ሁሉ እንደ ስህተት ቆጥሮ ወደ ቅርቡ ይጎትተዋል። የእርማቱን ፍጥነት ዜሮ ላይ ካደረጉትማ መንሸራተቱም ሳጉም ድራሹ ይጠፋል። ከዚያ «ስሜት እንዲኖረው» ተብሎ የኪቦርድ ቫዮሊንና ሪቨርብ ይጫንበታል። አውጥታችሁ የጣላችሁትን ስሜት በቫዮሊን ልትመልሱት? አንቺሆዬ ቅኝት ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ ጠባብ ጠባብ እርምጃዎቹ ናቸው ያን የሚያስጨንቅ ውበት የሚሰጡት።

መሣሪያውን እኔም እጠቀምበታለሁ። በእውነት የሳተችውን አንዲት ድምፅ መርጦ በእጅ ማቃናት ሙያ ነው። ሙሉ ትራክ ላይ ጭኖ መሄድ ግን ስንፍና ነው።

ጥፋቱ የአቀናባሪዎች ብቻም አይደለም። ያልታረመ ቮካል ያለበትን ሥራ «ጥራቱን አያሟላም» ብሎ የመለሰ ጣቢያ አውቃለሁ። የገምጋሚዎቹ ጆሮ ራሱ በታረመ ድምፅ ተገርቷል። የሙዚቃ ማሰልጠኛዎቹስ? ቅኝትን በኪቦርድ ብቻ አስተምረው ሰርተፍኬት የሚሰጡ አሉ። ማሲንቆ ግን ፍሬት የለውም፤ ጣት በጭራው ላይ እንደ ልቡ ይንሸራተታል። ተማሪው አንድ ማሲንቆ መቺ አጠገብ ተቀምጦ ያንን ሳይሰማ እንዴት ስለ ትዝታ ሊያውቅ ይችላል?

ዘፋኞች፣ ቀሪውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ጥሬ ቅጂያችሁን ተቀበሉ። ከታረመው ጋር በጆሮ ማዳመጫ እያፈራረቃችሁ ስሙት፤ በተለይ የሐረጉን መጨረሻ፣ ትንፋሽ የሚያጥርበትን ቦታ። እዚያ የጎደለ ነገር ካለ ሚክሱ በጥሬው እንዲሠራ ጠይቁ። «ቀረጻው ጠፍቷል» የሚላችሁን እንዳታምኑ፤ ፕሮጀክቱ ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ አለ።