እሌኒም ሔለንም

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ክፍል የስም መጥሪያ ላይ እሌኒም ሔለንም ቢገኙ የሚገረም የለም። መምህሩ «እሌኒ!» ሲል ሔለን ቀና አትልም፤ «ሔለን!» ሲል እሌኒ አቤት አትልም። የአንዷን ስም ያወጡላት ምናልባት አያቷ ናቸው፣ ከመስቀል ታሪክ ወስደው። የሌላዋን ያወጣችላት ደግሞ ለአፍ ቀለል ያለ፣ ዘመናዊ ስም የፈለገች እናት። ስሙ ግን አንድ ነው። ከግሪክ ተነሥቶ አገራችን የገባው ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ በቤተ ክርስቲያን በር፣ ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቶ ደግሞ በእንግሊዝኛ በር።

አውሮፓ ውስጥ ይህ ስም ያልደረሰበት አገር መፈለግ ድካም ነው። አቴና ላይ ኤሌኒ፣ ሮምና ማድሪድ ላይ ኤሌና፣ ፓሪስ ላይ ኤሌን፣ በርሊን ላይ ሄሌነ፣ ዋርሶ ላይ ሄሌና፣ ስቶክሆልም ላይ ኤሊን፣ ሄልሲንኪ ላይ ሌና፣ ቡዳፔስት ላይ ኢሎና፣ ቡካሬስት ላይ ኢልያና፣ ሞስኮና ቤልግሬድ ላይ ዬሌና፣ ኪየቭ ላይ ኦሌና፣ ሚንስክ ላይ አሌና ትባላለች። ከነዚህ መካከል ኢሎናንና ኦሌናን እህትማማች ናቸው ቢሏቸው ራሳቸውም ለጊዜው ሊጠራጠሩ ይችላሉ።

ስሙ ሲነሣ ለብዙ ሰው ቀድማ ትዝ የምትለው የትሮይዋ ሔለን ናት። የስፓርታው ንጉሥ የሜኔላዎስ ሚስት ነበረች፤ ፓሪስ የተባለ የትሮይ ልዑል ይዟት ሄደ፤ በርሷም ሰበብ ግሪኮች ዐሥር ዓመት ተዋጉ። ሆሜር በኢሊያድ የተረከው ከዚያ ጦርነት ላይ ቆርሶ ነው። ለጥንት ግሪኮች ግን ሔለን የተረት ቆንጆ ብቻ አልነበረችም። ስፓርታ አጠገብ ቴራፕኔ በምትባል ኮረብታ ላይ ከባሏ ጋር መሥዋዕት ይቀርብላት ነበር፤ በሮድስ ደሴትም የዛፍ ሔለን እየተባለች ትመለክ ነበር። የስሙን ምንጭ በተመለከተ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። ከችቦ ጋር የሚያያይዙት አሉ፤ ከጨረቃ ጋር የሚያያይዙትም አሉ። ይባስ ብሎ በስፓርታ አካባቢ የተገኙ ጥንታዊ ጽሑፎች ስሙን በ«ው» ድምፅ ጀምረው ይጽፉታል፤ ይህ ደግሞ ቀላል የነበረውን ማብራሪያ ሁሉ አወሳሰበው።

የሆነ ሆኖ አውሮፓን በኤሌናዎች የሞላችው ይህች ቆንጆ አይደለችም። ልጁን በጦርነት መንሥኤ ስም ለመጥራት የሚቸኩል ወላጅ ብዙ አይገኝም። ስሙን ከቤት ቤት ያዞረችው ሌላዪቱ ናት፤ በእርጅናዋ ዘመን ኢየሩሳሌም የወረደችው ሮማዊት፣ እኛ ንግሥት እሌኒ የምንላት።

ፍላቪያ ዩልያ ሄሌና በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ተወለደች። የትውልድ ቦታዋ በዛሬዋ ቱርክ የምትገኝ ድሬፓኖን የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሳትሆን አትቀርም፤ ልጇ በኋላ በስሟ ሄሌኖፖሊስ አሰኝቷታል። ስለ አስተዳደጓ የተረፈልን ጥቂት ነው፤ ከዚያ ጥቂት ውስጥ ግን አንዱ ብርቱ ነገር ነው። የሚላኖው ጳጳስ አምብሮስዮስ በ395 (ከበዓላቱ ቀናት በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ መታሰቢያ ባደረገው ንግግር፣ ሄሌና የመንገደኞች ማረፊያ ቤት ሠራተኛ እንደነበረች ተናግሯል። ስድብ አልነበረም፤ ከከብቶች በረት አጠገብ ተነሥታ ወደ ቤተ ልሔሙ በረት መድረሷን እያመሰገነ ነው።

ኮንስታንትዮስ የሚባል የጦር መኮንን ወሰዳት፤ በ272 ገደማ ዛሬ ሰርቢያ ውስጥ ባለችው በኒሽ ቆስጠንጢኖስን ወለደችለት። ሰውዬው በሹመት ከፍ ከፍ ሲል ግን እሷን ትቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ቤት ሌላ ሚስት አገባ። የእንግዳ ማረፊያ ልጅ ለቤተ መንግሥት አትመጥንም የተባለ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ታሪክ ስለ እሷ ዝም ይላል። በ306 ልጇ እንግሊዝ አገር ዮርክ ላይ በወታደሮቹ ሲነግሥ እናትየውም ከተጣለችበት ተነሣች። በ325 ገደማ አውጉስታ የሚለውን የእቴጌነት ማዕረግ አገኘች፤ መልኳም በገንዘብ ላይ ተቀረጸ። ብዙም ሳትቆይ፣ ሰማንያ ሊሞላት ሲል፣ ወደ ፍልስጥኤም ጉዞ ጀመረች። በቤተ ልሔምና በደብረ ዘይት ተራራ አብያተ ክርስቲያናት ተሠሩ።

በዚህ ጉዞ አገኘችው የሚባለውን የክርስቶስ መስቀል በተመለከተ የታሪክ ሰዎች አንድ የሚያነሡት ነገር አለ። ጉዞዋን በዘመኑ የጻፈው የቂሳርያው አውሳብዮስ መስቀሉን አገኘች አይልም፤ ታሪኩ በጽሑፍ የሚመጣው በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ኪራኮስ የሚባል ሽማግሌ ቦታውን ጠቆማት፤ ደመራ ደምራ ዕጣን ብትጨምርበት ጢሱ ወጥቶ ተመለሰና ቦታውን አሳያት፤ ቁፋሮው መስከረም 17 ተጀምሮ መጋቢት 10 መስቀሉ ተገኘ። ክርክሩን ለባለ ሙያዎቹ እንተወው። ስም የሚስፋፋው በማኅደር ማስረጃ ሳይሆን በታመነ ታሪክ ነው፤ ይህ ታሪክ ደግሞ ከአየርላንድ እስከ ኢትዮጵያ ታምኗል።

ወደ ቫቲካን ቤተ መዘክር የገባ ሰው የሬሳ ሣጥኗን ያያል። ከግብፅ በመጣ ቀይ የፖርፊር ድንጋይ የተፈለፈለ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ግዙፍ ነገር ነው። የአንዲት ቅድስት መቃብር ነው ብሎ የቀረበ ሰው መስቀል ወይም መልአክ ሊፈልግ ይችላል፤ የሚያገኘው ግን በፈረስ የሚጋልቡ የሮም ወታደሮችን፣ በግርጌያቸው ደግሞ የታሰሩና የወደቁ ጠላቶችን ነው። ለሴት የተሠራ አይመስልም። በዚህም የተነሣ ብዙ ሊቃውንት ሣጥኑ ለቆስጠንጢኖስ ራሱ ወይም ለቤተሰቡ ወንድ ታስቦ ኋላ ለእናትየው ዋለ ይላሉ።

ስሙ ከዚህ በኋላ የሄደበትን መንገድ ለማወቅ የመጀመሪያ ፊደሉን ማየት ይጠቅማል። በጥንቱ ግሪክ በስሙ መጀመሪያ ላይ የ«ህ» ትንፋሽ ነበረ። በክርስትናው ዘመን ግሪኮች ይህን ትንፋሽ ከአፋቸው ጥለውታል፤ የላቲን ጸሐፊዎች ግን በብዕራቸው ጠበቁት። ስለዚህ ከቁስጥንጥንያ የተቀበሉት ሩሲያውያን፣ ቡልጋርያውያንና ሰርቦች ያለ «ህ» ይጠሩታል፤ ከሮም የተቀበሉት ፖላንዶችና ቼኮች ሄሌና ይላሉ። እንዲህ ስል ግን ሕጉ ይሠራል እያልኩ አይደለም። ጣልያንና ስፔን ካቶሊክ ሆነው ሳለ «ህ»ዋን ቋንቋቸው ራሱ በልቷታል፤ ክሮኤሺያም ካቶሊክ ሆና ዬሌና ትላለች፤ እንዲያውም በ976 የሞተችው ንግሥታቸው ዬሌና የመቃብር ጽሑፍ በ1898 ሶሊን በምትባል ከተማ ተቆፍሮ ወጥቷል።

ስሙን ወደ ምሥራቅ ስላቮች ቤተ መንግሥት ያስገባችው ኦልጋ ናት። የኪየቭ ገዢ የነበረችው ይህች ሴት፣ ባሏን የገደሉትን ሰዎች በጭካኔ እንደ ተበቀለች የሚነገርላት፣ በአሥረኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ክርስትና ስትነሣ ሄሌና ተባለች። በዚያ ወቅት የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ስሙ ቆስጠንጢኖስ፣ እቴጌይቱም ሄሌና ነበሩ። የጥንቶቹ እናትና ልጅ በስም ተመልሰው ዙፋን ላይ ተቀምጠው ነበር ማለት ነው።

ከኦልጋ ሺህ ዓመት በኋላ ስሙ ሶቭየት ኅብረት ውስጥ ገነነ። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ከተወለዱት ሴቶች መካከል ዬሌና እጅግ ብዙ ነው። ሞስኮ፣ ኪየቭ ወይም ሚንስክ የተማረ ኢትዮጵያዊ ሌና የምትባል ሴት ሳያውቅ አልተመለሰም ብል ማጋነን አይሆንም። በመታወቂያዋ ላይ ዬሌና፣ ለጓደኛ ሌና፣ ለሚያቆላምጣት ሌኖችካ፣ ለሚቆጣት ሌንካ፣ በተረት ውስጥ አልዮኑሽካ። አልዮንካ የሚለውም ከዚያው ነው፤ በራስ መሸፈኛ የተጠቀለለች፣ ዓይነ ሰማያዊና ጉንጨ ድንቡሽቡሽ ሕፃን የታተመባት ቸኮሌት ከ1960ዎቹ ጀምሮ በዚህ ስም ትሸጣለች፤ እስከ ዛሬም ከሩሲያ የሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ አትጠፋም።

የምሥራቅ አውሮፓ ተረት ደግሞ የትሮይዋንም ያልረሳ ይመስላል። ሩሲያውያን ቆንጆዋ ዬሌና የምትባል የተረት ንግሥት አለቻቸው፤ ሀንጋሪዎች ኢሎና የምትባል ውብ ምትሃተኛ ልዕልት፣ ሮማንያውያን ኢልያና ኮስንዝያና የምትባል የቁንጅና ዳር አላቸው። ለእኔ እነዚህ ሁሉ የቆስጠንጢኖስን እናት ሳይሆን የሜኔላዎስን ሚስት ይመስላሉ።

እንግሊዞች በስሙ ፍቅር ተይዘው እስከ መስረቅ ደርሰዋል። ጄፍሪ ኦቭ ሞንማውዝ የተባለ የአሥራ ሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጸሐፊ፣ ሄሌና የድሬፓኖን ሳትሆን የኮልቸስተሩ ንጉሥ የኮል ልጅ ናት ብሎ ጻፈ። ማስረጃ የለውም፤ ኮልቸስተር ግን ተቀበለችው። ሐውልቷ ዛሬም በከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ጉልላት ላይ መስቀል ይዛ ቆማለች። በመካከለኛው ዘመን የሕዝቡ አፍ የለመደው ኤለን ነበር፤ የግሪክ መጻሕፍት እንደ ገና መነበብ ሲጀምሩ «ህ»ዋ ተመለሰችና ሔለን ተባለ። ወደ እኛ በሁለተኛው በር የገባው ይህ ነው።

በስሟ የተጠሩ ቦታዎችም አሉ። ፖርቱጋሎች በ1502 በአትላንቲክ ያገኟት ደሴት ሴንት ሄሌና ተባለች፤ ናፖሊዮን ታስሮ በ1821 የሞተባት ናት። በ1980 የፈነዳው የአሜሪካ እሳተ ገሞራ፣ ሴንት ሄለንስ፣ ግን ከቅድስቲቱ በቀጥታ አልተሰየመም፤ የእንግሊዝ ዲፕሎማት የነበረ አንድ ባላባት የማዕረግ ስም ነው።

የስሙን ትልቅ በዓል ለማየት ግን ግንቦት 13፣ በፈረንጁ ሜይ 21፣ ግሪክ አገር መገኘት ነው። የቆስጠንጢኖስና የኤሌኒ ቀን ነው። ግሪኮች ከልደት ይልቅ የስም ቀንን ስለሚያከብሩ፣ ሁለቱም ስሞች ደግሞ በየቤቱ ስላሉ፣ ስልክ ሲጮኽ ይውላል። በሰሜን ግሪክ ሴሬስ አጠገብ አያ ኤሌኒ በምትባል መንደርና በላንጋዳስ ነገሩ ከዚህ ያልፋል። ሰዎቹ አባቶቻቸው ዛሬ ቡልጋርያ ውስጥ ካለው ኮስቲ ከሚባል መንደር ተሰድደው የመጡ ናቸው። ከበሮና መሰንቆ መሰል የገመድ መሣሪያ እየተመታ ይጨፍራሉ፤ ሲመሽ የእንጨት ክምር ተቃጥሎ ፍም ሲሆን ይጠረጋል፤ ከዚያ የቆስጠንጢኖስንና የኤሌኒን ሥዕል ታቅፈው በባዶ እግራቸው ፍሙን ይረግጡታል። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓቱን አትወደውም፤ እነሱ ግን አልተዉትም። በቡልጋርያም ይኸው ልማድ አለ፤ በ2009 ዩኔስኮ መዝግቦታል።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ እሌኒ የሚለው አጠራር በመጨረሻው «ኒ» ምንጩን ይናገራል፤ ልክ የዛሬዎቹም የመካከለኛው ዘመንም ግሪኮች እንደሚሉት ነው። በታሪካችን ስሙን ያገነነችው ደግሞ ገራድ የሚባለው የሐድያ ገዢ ልጅ፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ንግሥት እሌኒ ናት። ዘርዐ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468 ሲገዛ የመንግሥት ስሙ ቆስጠንጢኖስ ነበር፤ የመስቀሉ ክፋይ ግሸን ማርያም ገባ የሚባለውም በሱ ዘመን ነው። ከሙስሊም ቤት የመጣች ልዕልት ቆስጠንጢኖስ ከተባለ ንጉሥ ጎን እሌኒ ተብላ መቀመጧ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ባሏ ከሞተ በኋላ ለልጁና ለወራሹ ለበእደ ማርያም የእናት ያህል ሆነች፤ ልብነ ድንግል በልጅነቱ በ1508 ሲነግሥም አገሩን በሞግዚትነት ያዘች። በ1509 ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ለማኑኤል ደብዳቤ ጽፋ ማቴዎስ የሚባል መልእክተኛ ላከች፤ የባሕር ኃይል እናንተ አምጡ፣ የምድሩን ጦርና ስንቅ እኛ እናቀርባለን ነው ነገሩ። ከደብዳቤው ጋር የሄደው ስጦታ የመስቀሉ ቁራጭ ነበር። ሕንድ ውስጥ ጎዋ ላይ የፖርቱጋሎቹ ገዢ አልቡከርክ መልእክተኛውን በክብር ተቀበለው፤ በመርከብ ግን ሰላይ ነው እየተባለ ተንገላቶ በ1514 ሊዝበን ደረሰ።

ሔለን የሚለው ከዚህ ሁሉ በጣም ዘግይቶ፣ ከዘመናዊ ትምህርትና ከእንግሊዝኛ ጋር ነው የመጣው። እንደ እሌኒ በግዕዝ መጻሕፍት ስላልተጻፈ አጻጻፉ ገና አልረጋም። አንዱ በሃሌታው ሀ፣ አንዱ በሐመሩ ሐ፣ አንዱ ሄሌን፣ አንዱ ሔለን እያለ ይጽፈዋል፤ የልደት ምስክር ወረቀቷ ከትምህርት ማስረጃዋ ሳይገጥምላት ከመስኮት መስኮት የምትንከራተት ሔለን ጥቂት አይደለችም። እሌኒ ከዚህ ጣጣ ነፃ ናት፤ ውጭ አገር ስትሄድ ግን ስሟን የሰማ ሁሉ «ግሪክ ነሽ እንዴ?» ይላታል።