የእድርና የመንግሥት ትብብር፦ መደጋገፍ እንጂ መዋዋጥ አይደለም

ሕዝብ በፈቃዱ ያቋቋማቸው የመረዳጃ ማኅበራትና የመንግሥት አስተዳደር አካላት ለኅብረተሰቡ ደኅንነት እጅ ለእጅ ተያይዘው መሥራት እንዳለባቸው በየስብሰባው ይነገራል። በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል፤ ይጨበጨብለታልም። ሆኖም ትብብር ሲባል ምን ማለት እንደሆነ፣ ማን ምን እንደሚያዋጣ፣ ማንስ ለማን ተጠያቂ እንደሚሆን በግልጽ ካልታወቀ መፈክሩ ከአዳራሹ ደጃፍ አያልፍም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ጥያቄ ለሠራተኛውና ለከተማው ነዋሪ እጅግ ቅርብ በሆነው ማኅበር፣ ማለትም በእድር፣ አማካይነት መመርመር ነው።

እድር ምን እንደሆነ ለዚህ ገጽ አንባቢ መተረክ አያስፈልግም። ወርኃዊው መዋጮ፣ ድንኳኑና ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ፣ ሠፈሩን የሚቀሰቅሰው ጥሩምባ ነፊ፣ ከቀብር የቀረ አባል የሚከፍለው መቀጫ ሁሉ የኑሮአችን ክፍል ናቸው። ነገር ግን የተለመደ ነገር ሁሉ በሚገባ የታወቀ ነገር አይደለም። ጉዳዩን ያጠኑ ምሁራን አብዛኞቹ የከተማውን እድር አጀማመር በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ከገጠር ወደ አዲስ አበባ ከፈለሱ ሰዎች፣ በተለይም ከጉራጌ ተወላጆች ጋር ያያይዙታል። ይበልጥ የተስፋፋውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የፋሽስት ጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ እንደሆነ ይገልጻሉ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ጉልበቱን ሊሸጥ ወደ ከተማ የመጣ ሰው ዘመዱ ሩቅ፣ ገቢው ጥቂት ነበረ። ሞት በመጣበት ቀን ሬሳውን የሚያነሣ፣ ቤተሰቡን የሚያጽናና ወገን ያስፈልገው ነበር። ስለሆነም እድር የቅን ልቦና ስጦታ ብቻ ሳይሆን ነባራዊው የኑሮ ሁኔታ የወለደው፣ ሠርቶ አደሩ በገዛ ሳንቲሙ ያቆመው ድርጅት ነው።

መንግሥትና እድር የነበራቸውን ግንኙነት በታሪክ ቅደም ተከተል ብንመለከት ትምህርት እናገኛለን። በዘውዱ አገዛዝ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማኅበራት ደነገገ፤ ቆይቶም የማኅበራት ምዝገባ ደንብ ተከተለ። በዚያው ዘመን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የእድሮችን ገንዘብና ጉልበት ለሠፈር ልማት ለማሰለፍ ሞክረዋል። ሙከራው ግን ከላይ ወደ ታች የተወረወረ ጥሪ እንጂ ከነዋሪው ጋር በእኩልነት የተመከረበት አልነበረም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በየቀበሌው ተቋቋሙ። ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶችን ማስተዳደርና ከኪራዩ የአካባቢ አገልግሎት ማስፋፋት ለእነርሱ ተሰጠ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ቀበሌዎች ሕዝቡን በማስተባበር ታላቅ ድርሻ አበርክተዋል።

ይሁን እንጂ የዚያን ዘመን ሥራ ስንመዝን ሂሱንም መሸሽ አይገባም። ልማቱ ሁሉ የቀበሌው ድርሻ ሲሆን እድር ወደ ቀብር ሥራ ብቻ ተገፋ። ይባስ ብሎ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀበሌው የእስርና የቀይ ሽብር መሣሪያ ሆነ፤ ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ብዙ ወላጆች አልቅሰው እንዳይቀብሩ ተከለከሉ። አልቅሶ መቅበር በተከለከለበት ሠፈር የእድር ድንኳን ምን ሥራ ይኖረዋል? ከዚህ የምንቀስመው ትምህርት አንድ ነው። የነዋሪው ማኅበር የአስተዳደሩ እጅ ብቻ ሆኖ ሲቀር ሕዝቡ ከእርሱ ይሸሻል። አመኔታ ደግሞ በአዋጅ የሚሰጥ ሀብት አይደለም፤ በየወሩ በሚከፈል መዋጮና በእያንዳንዱ ቀብር ላይ በመገኘት የሚገነባ ነው።

እድርን ከቀብር ወሰን አውጥቶ ወደ ሕያዋን ጉዳይ የገፋው የማንም መመሪያ ሳይሆን መቅሠፍት ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት የኤች አይ ቪ ኤድስ ወረርሽኝ የከተማውን ወጣት ሠራተኛ ሲያጭድ የቀብሩ ብዛት የእድሮችን ካዝና አራቆተ። በየሳምንቱ ድንኳን የሚተክል እድር ሁለት መንገድ ብቻ ነበረው፤ ወይ መዋጮውን ከአባላቱ አቅም በላይ ማናር፣ ወይም ሰው ሳይሞት መርዳት። ብዙ እድሮች ሁለተኛውን መረጡ። መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሻሉ፣ የታመመ አባል መጠየቅና ማስታመም ጀመሩ፣ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ለመርዳት ከበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ከመንግሥት የጤና ተቋማት ጋር ተቀናጁ። መንግሥት በበኩሉ በጥር 1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትን በነፃ ማደል ጀመረ። የሥራ ክፍፍሉን ልብ ማለት ይገባል። መድኃኒቱን እድር ሊያመጣው አይችልም ነበር፤ በሽተኛው ተደብቆ ከተኛበት ቤት ገብቶ «ተነሥ፣ አብረን እንሂድ» ማለትን ደግሞ መሥሪያ ቤት ሊሠራው አይችልም ነበር። የትብብር ትክክለኛ ትርጉም ይህ ነው። እያንዳንዱ ወገን ሌላው የማይችለውን ያዋጣል።

ከዚያ ወዲህ መንግሥት ለችግረኛው ወገን የዘረጋቸው ፕሮግራሞች ይህንኑ መሠረት የተከተሉ ናቸው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር የመክፈል አቅም የሌላቸውን ቤተሰቦች መዋጮ መንግሥት እንዲሸፍን ተደረገ። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም 604 ሺህ ሰዎችን ለመድረስ ያቀደ ነበር። መሥራት የሚችሉት በአካባቢ ጽዳትና በመሰል የማኅበረሰብ ሥራ እንዲሰማሩ፣ መሥራት የማይችሉት ደግሞ ቀጥተኛ ድጋፍ እንዲያገኙ ታቀደ። በሁለቱም ዘርፍ «ችግረኛ ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ በመመለስ ረገድ የአካባቢው ሰው ምስክርነት ከፍተኛ ቦታ አለው። የጎረቤቱን ጓዳ የሚያውቀው ጎረቤት ነውና።

ቅራኔው የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። እድር በመዋጮ የሚኖር ማኅበር እንደመሆኑ መጠን የሚያውቀው የሚከፍለውን ሰው ነው። በአንድ ግቢ ጓሮ ጠባብ ክፍል ተከራይታ፣ ልብስ እያጠበች ሁለት ልጆች የምታሳድግ እናት ብናስብ፣ መመዝገቢያውን ከፍላ እድር ለመግባት አቅም የላትም። ገብታ እንኳ ቢሆን ለተከታታይ ወራት መዋጮ ስታቋርጥ ስሟ ይሰረዛል። ቋሚ አድራሻ ስለሌላት የነዋሪነት መታወቂያ ማውጣትም ይቸግራታል፤ በወረዳው መዝገብም አትገኝም። እንግዲህ የችግረኞች ስም ዝርዝር ሲዘጋጅ ወረዳው እድሩን ይጠይቃል፤ እድሩ መዝገቡን ይገልጣል፤ ከሁሉም በላይ ድጋፍ የሚያስፈልጋት ሴት ግን ከሁለቱም መዝገብ ውጭ ናት። የሁለት ጥሩ ተቋማት ቅንጅት አንድ ሰው የሚወድቅበት ክፍተት ሆነ ማለት ነው። የቤት ሠራተኛው፣ የቀን ሠራተኛው፣ የጎዳና ላይ ቸርቻሪው፣ ጧሪ ያጣው አረጋዊ ሁሉ በዚህ ክፍተት ውስጥ ይገኛሉ።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳልሆነ የሌሎች አገሮች ሠራተኞች ታሪክ ያስረዳል። የብሪታንያ ወዝ አደሮች ከእድር ጋር የሚመሳሰሉ፣ ለሕመምና ለቀብር የሚያዋጡባቸው የመረዳጃ ማኅበራት ነበሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1911 የወጣው የብሔራዊ መድን ሕግ የሕመም ጊዜ ክፍያ በእነዚህና በሌሎች ዕውቅና በተሰጣቸው ማኅበራት በኩል እንዲታደል አደረገ፤ ትላልቅ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችም በዚሁ በር ገቡ። ማኅበራቱ አባል የመምረጥ መብት ስለነበራቸው ግን ጤናው የታወከውን ሰው መልሰው ይሰዱ ነበር። የትኛውም ማኅበር ያልተቀበለው ሰው በፖስታ ቤት በኩል ያጠራቀማት ገንዘብ እስክታልቅ ብቻ ይረዳ ነበር። ማለትም በጣም የታመመው ሰው በጣም ያነሰውን ያገኝ ነበር። ይህ አሠራር የቀረው እ.ኤ.አ. በ1948 መንግሥት ለሁሉም የሚሆን ሥርዓት ሲዘረጋ ነው። መንግሥት ግዴታውን ሁሉ ለማኅበራት አሳልፎ ከሰጠ ከማኅበር ውጭ የሆነው ሰው ከመንግሥትም ውጭ እንደሚሆን ይህ ታሪክ በማያሻማ ሁኔታ ያስተምራል።

እንግዲህ ምን መደረግ አለበት? በመጀመሪያ የሥራ ክፍፍሉ ይለይ። በጀት መመደብ፣ ለችግረኛው መዋጮ መክፈል፣ ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት መክፈት የመንግሥት ግዴታ ነው፤ በእድር ሳንቲም የሚተካ አይደለም። ማወቅ፣ መመስከር፣ መጎብኘት፣ ማጽናናት ደግሞ የእድር ኃይል ነው፤ በሹመኛ የሚተካ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621፣ እርሱን የተካው የ2011 ዓ.ም. የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113ም እድርን ከተፈጻሚነት ወሰናቸው ውጭ ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም። እድር ዳኛውን ራሱ ይመርጣል፣ ሒሳቡንም ለአባላቱ ያቀርባል። ይህ ነፃነት ሲነካ ለትብብር የሚቀርበው አመኔታ አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛ፣ እድር ራሱን ይሂስ። የመግቢያ ክፍያው ተከራዩንና አዲስ መጤውን የሚያግድ አጥር ሆኖ እንደሆነ አባላቱ በጠቅላላ ጉባኤ ይመርምሩት። ከፍሎ መግባት ለማይችል ጎረቤት ክፍያውን በየወሩ ማካፈል፣ ለተቸገረ አባል መዋጮውን ለጊዜው ማቆየት፣ ከአባላት መዝገብ ጎን የአባል ያልሆኑ የሠፈር ችግረኞችን መዝገብ መያዝ ከእድሮች አቅም በላይ አይደለም። ወረዳው የስም ዝርዝር ሲጠይቅ መቅረብ ያለበት ይህ ሁለተኛው መዝገብ ነው። ዝርዝሩም ለሠፈርተኛው በግልጽ ይነበብ፤ ዘመድ ተጠቅሞ ችግረኛ ቀርቶ እንደሆነ ሕዝቡ ያርመዋል።

ሦስተኛ፣ ወረዳው ሲያቅድ እድርን ያማክር። በ1996 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ወዲህ በአዲስ አበባ አሮጌ ሠፈሮች ሲፈርሱና ነዋሪዎች ወደ አዳዲስ መንደሮች ሲዛወሩ ቤቱ ተሻሽሎ ሳለ ለብዙ ዓመታት የተገነባ እድር የተበተነባቸው አጋጣሚዎች ብዙ ናቸው። ለአሮጊቷ እናት አዲሱ ቤት ውኃና መብራት ቢኖረውም ስትታመም በሯን የሚያንኳኳ ሰው ከሌለ ኑሮዋ ጎድሏል። የጎረቤታሞችን ምደባ በተቻለ መጠን አለመለያየት፣ በየአዲሱ ሠፈር የእድር መሰብሰቢያና የዕቃ ማከማቻ ቦታ መመደብ ከልማቱ ዕቅድ ጋር አብሮ የሚታሰብ እንጂ የኋላ ኋላ የሚለመን ነገር መሆን የለበትም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ሁሉ፣ የመንግሥት በጀትና የጎረቤት ዓይን ሲያብሩ ድህነትን ለማሰር ይቻላል። የሚያብሩት ግን ሁለት ድሮች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን የዋጠ ዕለት የቀረው ነጠላ ክር ነው። ስለዚህ የሠፈር ማኅበራት አባላትና ሠራተኞች ሁሉ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ መዋጮው ከተሰበሰበና መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ አንድ ጥያቄ በአጀንዳነት እንዲይዙ ጥሪ እናቀርባለን። በግቢያችንና በጎረቤታችን እያለ ስሙ በእኛም በወረዳውም መዝገብ የሌለው ማን ነው? የዚያን ሰው ስም መዝግቦ፣ ሁለት ሰው ወክሎ፣ በማግሥቱ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት መሄድ የትብብር መጀመሪያ ነው። ወረዳውም ስሙን ተቀብሎ መልሱን በቀጠሮ ቀን ለጉባኤው የማቅረብ ግዴታ አለበት።